ከባዮሎጂ ዲግሪ ወደ ባሕር ሕይወት ምርምር

ጥያቄ፦ በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዬን አጠናቅቄ በባሕር ሕይወትና ጥበቃ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አስቤአለሁ። ጠልቆ መዋኘት አለመቻሌ እንቅፋት ይሆንብኛል? ዝግጅቴንስ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጠልቆ መዋኘት ጠቃሚ ቢሆንም የሙያው መግቢያ በር አይደለም፤ ብዙ ተመራማሪዎች ሥራቸውን የሚያከናውኑት በቤተ ሙከራና በኮምፒውተር ነው። ስለዚህ አስቀድመው ስታቲስቲክስን ጠንቅቀው ይማሩ።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄን መምረጥ ነው፤ ለባሕር ያለዎት ፍቅር ብቻውን የምርምር ጥያቄ አይሆንምና። የኮራል ሪፎችን፣ ማለትም ኮራል የተባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በባሕር ወለል ላይ የሚገነቧቸውን ዓለት መሰል ክምችቶች፣ እንውሰድ። ከውቅያኖስ ወለል 1 በመቶ እንኳ የማይሞላ ስፍራ ይዘው ከባሕር ዝርያዎች ሩብ ያህሉን ያስጠልላሉ፤ ሆኖም ውኃው በዓመቱ ሞቃታማ ወር ከሚለመደው ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ልቆ ለሳምንታት ሲቆይ፣ ኮራሉ በአካሉ ውስጥ የሚኖሩትንና አብዛኛውን ምግቡን የሚያዘጋጁለትን ጥቃቅን አልጌዎች አስወጥቶ ይነጣል። እ.ኤ.አ. በ1998 ይህ በዓለም ዙሪያ ደርሷል። አንዱ ኮራል ሲሞት ጎረቤቱ ለምን ተረፈ? ይህን የመሰለ ጠባብ ጥያቄ ለጥበቃ ሥራም በቀጥታ ይጠቅማል፤ የትኛው ስፍራ ቅድሚያ ሊከለል እንደሚገባ ያመለክታልና።

አማካሪ ሲፈልጉም የመምህሩን የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች በእርግጥ አንብበው፣ ጥያቄዎን በአጭር ደብዳቤ ይግለጹላቸው።