አሮጌ ላንድክሩዘር ለገዛችሁ ልጆቼ

ሰሞኑን ወደ ጋራዤ የሚመጡ ወጣቶች በዝተዋል። አንዱ ከጨረታ ያነሳውን ላንድክሩዘር አስጎትቶ ይመጣል። ሌላው የአባቱን ላንድሮቨር ዶሮ ከሚያድርበት የግቢ ጥግ አውጥቶ ያመጣል። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ጋሼ፣ ይሠራል?» ይላሉ። አዎ፣ ይሠራል። ግን አንድ ብሎን ሳትፈቱ በፊት የምነግራችሁ ነገር አለ። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምደግመው ብዬ ጻፍኩት።

የምትመጡበት ምክንያት ይገባኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የግል መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ተፈላጊ ሆነ። ምክንያቱ ግን ይህ ብቻ እንዳልሆነ ኮፋኖው ሲከፈት ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የማየው።

ሥራ የጀመርኩት በ1974 ዓ.ም. ነው፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ በረዳትነት። የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስድስት ወር ሙሉ ብሎን በናፍታ አጠብኩ። አለቃችን ሙያውን ከጣሊያን መካኒኮች የተማሩ ሽማግሌ ነበሩ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፤ ዛሬም በየጋራዡ የምንጠራቸው እነዚህ ስሞች ከእነሱ የቀሩ ናቸው። ጋሼ ብዙ አይናገሩም። አንድ ነገር ግን ሳይሰለቹ ያደርጉ ነበር። መኪና ሲመጣ መጀመሪያ ቁልፍ አያነሱም። ይዞሩታል። ያሸቱታል። ያዳምጡታል።

ያኔ በብዛት የምንሠራው ላንድሮቨር ነበር። «ሲሪስ ስሪ» የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተመረተው። አካሉ አሉሚኒየም ነው። ላንድሮቨር ሲጀመር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት እንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ስለነበር ነው አሉሚኒየም የመረጡት። ሰው «ላንድሮቨር አይዝግም» ይላል። እውነት ነው፣ ላዩ አይዝግም። አካሉን ከሥር የተሸከመው ሻንሲ ግን ብረት ነው። እሱ ይዝጋል። አሉሚኒየሙና ብረቱ በሚነካኩበት ቦታ ደግሞ አሉሚኒየሙ ራሱ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል። ጋሼ መኪናው ሥር ተኝተው ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንኳኩት ነበር። ጤነኛ ብረት ይጮኻል። የበሰበሰው ድምፁ እንደ ካርቶን ነው። አዲስ የተቀባ ቀለም ዓይንን ያታልላል፣ ያንን ድምፅ ግን መደበቅ አይችልም። አሮጌ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ትንሽ መዶሻ ያዙ። ባለቤቱ ቅር ካለው ተመለሱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአንድ ላንድክሩዘር ምክንያት ነው።

በ1993 ዓ.ም. ነው። የራሴን ጋራዥ ከከፈትኩ ብዙም አልቆየሁም። አንድ ነጋዴ ነጭ ላንድክሩዘር ይዘው መጡ። ከኋላ ፊት ለፊት ተያይተው የሚቀመጡበት፣ ሰባ አምስት የሚባለው። ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍታ፣ ቱርቦ የሌለው። ቶዮታ ይህን ሞተር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ኮምፒውተር የለውም። ሁሉም ነገር በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይነካል። እስከ ዛሬ ከእሱ የተሻለ የመማሪያ ሞተር አላየሁም።

ሰውዬው በጎጃም መስመር ነው የሚነግዱት። «አባይን ተሻግሬ ደጀን ሳልደርስ ይፈላብኛል» አሉኝ። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን መውጣት ምን እንደሆነ የሄደበት ያውቀዋል። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ፣ ያንኑ ያህል ሽቅብ ትወጣላችሁ። ታች በረሃው ይጋገራል። መኪናው ደግሞ ጤፍ ጭኖ ነው።

እኔ አልፈተሽኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ግማሽ ቀን እንኳን አልፈተሽኩም። ከዚያ በፊት ሁለት ሦስት የሚፈላ መኪና ሠርቼ የሁሉም ጥፋት የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነበር፤ ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ በእሱና በሞተሩ መሃል የሚገባው ማሸጊያ። ስለዚህ «ጓርኒሲዮን ነው» አልኳቸው። ሞተሩን ፈታሁት። ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ወስጄ አስላግኩት። አዲስ ጓርኒሲዮን ገዛሁ። 11 ቀን ፈጀብኝ። ሰውዬው ከፍለው፣ አመስግነው ሄዱ።

በሳምንቱ ተመለሱ። እዚያው ቦታ ላይ ፈልቷል። ራዲያተሩ ተደፍኗል ብዬ ራዲያተሩን አወረድኩ፣ አስጠረግሁ። ሄዱ። አሁንም ፈላ። በሦስተኛው ሲመጡ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ብር ጨረስኩ» ነው ያሉኝ።

ራዲያተር የሚበይዱ ሽማግሌ ዘንድ ሄጄ ነገሩን ነገርኳቸው። ራዲያተሩን ዞር ብለው እንኳን አላዩትም። ክዳኑን አነሱ። ከሥሩ ያለውን ጎማ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። እንደ ደረቀ ቆዳ ሆኗል። ስፕሪንጉን ጫን አደረጉት፤ ያለ ምንም ጉልበት ገባ። «ይኼን ቀይር» አሉኝ። ቀየርኩት። መኪናው አባይን ወጣ።

ምክንያቱን አንብቤ የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ወለል ላይ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ቶሎ ይፈላል። አዲስ አበባም ሆነ ደጀን ከፍታ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተር ጤነኛ ሙቀት ደግሞ 85፣ 90 ዲግሪ ነው። ልዩነቱን አያችሁት? ምንም የለም። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ያቺ ክዳን ናት። ውሃውን አፍና ግፊት ትፈጥርበታለች፣ በግፊት ውስጥ ያለ ውሃ ደግሞ ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። ክዳኗ ከደከመች ሞተሩ ምንም ሳይነካው ዳገት ላይ ይፈላል። ቆላ ላይ የማይታይ በሽታ እኛ አገር ደጋ ላይ ይወጣል።

ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ የማውቅበት መንገድ ነበረኝ። ሌሊት የበረደውን ሞተር ጠዋት አስነሥቼ የላይኛውን የራዲያተር ጎማ ጭብጥ አድርጎ መያዝ ብቻ ነበር። ውሃው ገና ሳይሞቅ፣ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ጎማው እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ከሲሊንደር ውስጥ ግፊት እየገባበት ነው። ካልጠጠረ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ሁለት ደቂቃ ነው። እኔ 11 ቀን የሰው መኪና ፈትቼ አስቀመጥኩ።

የሠራሁበትን ገንዘብ መለስኩላቸው። በአንዴ አልነበረኝም፣ በአራት ወር ከፈልኩ። መጀመሪያ አልቀበልም አሉ፣ ለመንኳቸው። እናንተም አንድ ቀን በሰው መኪና ላይ ትሳሳታላችሁ። ያኔ አትደብቁ። «ጋሼ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» በሉ። ያቺን ቃል ማውጣት ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ደንበኛው መኪናውን ሲሰጣችሁ እምነቱንም ነው የሰጣችሁ።

በሞቀ ሞተር ላይ ይህን ክዳን እንዳትከፍቱ። በግራ ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ ከዚያ የመጣ ነው። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥርም አትግቡ። በዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ሌላው የወጣቶች ምሬት ጠዋት አልነሳ የሚል ናፍታ ነው። ደብረ ብርሃን አድሮ የሚያውቅ ይገባዋል። ወዲያው «ፖምፑ ሞቷል» ይባላል፣ ናፍታውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ማለት ነው። ፖምፕ ማሠራት ደግሞ የአንድ ሰው የወራት ደመወዝ ይበላል። ቆዩ። ሌሊት ናፍታው ወደ ጋኑ ተመልሶ፣ መስመሩ አየር ገብቶበት ይሆናል። ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፖምፕ ጫን ጫን አድርጉት። እጃችሁ ሥር እስኪጠጥር ድረስ። ከዚያ በቀላሉ ከተነሣ ጥፋቱ አየር ነው። አየሩ ከየት እንደሚገባ ለማወቅ ጋራዣችን የምንጠቀምበት ዘዴ አለ። ከፊልትሮው በኋላ ባለው መስመር ላይ አንድ ክንድ ብርሃን የሚያስተላልፍ የፕላስቲክ ቱቦ እናስገባለን። ሞተሩ ሲነሣ ቱቦውን እናየዋለን። ጤነኛው እንደ ማር ጥርት ብሎ ይሄዳል። አየር ካለ ግን እንደ ጠላ አረፋ ትንንሽ ፊኛ ተከታትሎ ይመጣል። ከዚያ ወደ ጋኑ እየተመለስን ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ እናጠብቃለን። ፊኛው የቆመበት ቦታ ላይ ጥፋቱን አገኘነው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የላላ ማሰሪያ ወይ የተሰነጠቀ ቱቦ ነው። ያቺ አረፋ ስትቆም የሚሰማኝ ደስታ ከ40 ዓመት በኋላም አልቀነሰም።

አሮጌ መኪና ስትገዙ ሻጩ ምንም ይበላችሁ፣ ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ታይሚንግ ቤልቱን፣ ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማውን ቀበቶ፣ ቀይሩት። በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። ቆጣሪው ግን ስንት ጊዜ እንደቆመ ማን ያውቃል? ቤልቱ ሲበጠስ ቫልቮቹ ፒስተን ላይ ይወድቃሉ። ከዚያ በኋላ የምታወሩት ስለ ቤልት ዋጋ አይደለም፣ ስለ ሙሉ ሞተር ነው።

ስለ ዕቃ ግዢ አንድ ነገር ልበል። መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የተበላሸውን ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ያዙ። በስልክ ፎቶ ብቻ አትሂዱ። ጎን ለጎን አድርጋችሁ መዝኑት፣ ለኩት። ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ፎርጂዱ ካርቶኑ ከኦሪጅናሉ ያምራል። ግን ብረቱ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ ደብዛዛ ነው፣ ስታሽከረክሩትም ይንኮሻኮሻል። አንዳንዴ ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ፎርጂድ ይሻላል። ከአንድ ነጋዴ ጋር ተዋወቁና እሱን አትልቀቁ። ሐቀኛ ዕቃ ሻጭ ያገኘ መካኒክ ግማሽ ሥራው ተሠርቷል።

የዛገ ብሎን ስላበሳጫችሁ አትዘኑ። ሁላችንንም አበሳጭቷል። ባለፈው ዓመት አንዱ ልጄ፣ በጣም ጎበዝ የሆነው፣ የጭስ ማውጫውን ብሎን በጉልበት ሲታገል በጠሰው። ቁልፉን ወርውሮ ወጣ። ተከተልኩት። ሻይ ጠጣን። ስንመለስ ቀሪውን በእሳት አሞቅነው፣ ናፍታና ዘይት አጠጣነው፣ ትተነው ወደ ቤት ሄድን። በማግስቱ ደገምነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጁ ቁልፉን ያዘና ወደ ማጥበቂያው በኩል ትንሽ አዞረው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው፣ ደግሞ ወደ ማጥበቂያው። ቀጭን ጩኸት ጮኸ። ወጣ። ልጁ ብሎኑን ኪሱ ከተተው። እስከ ዛሬ የቁልፍ መያዣው ላይ አለ።

ደስታውስ? ደስታው እጅ ውስጥ ነው። ኩሽኔታ ግራሶ ስታደርጉ ታውቁታላችሁ። ግራሶውን መዳፋችሁ ላይ ታኖራላችሁ። የኩሽኔታውን ጠርዝ መዳፋችሁ ላይ እየጫናችሁ ትገፋላችሁ፣ ግራሶው በወዲያኛው በኩል በየሮለሩ መሃል ብቅ እስኪል። ዞር ታደርጉታላችሁ፣ ትደግሙታላችሁ። ከዚያ ጎማውን ገጥማችሁ በጣታችሁ ገፋ ስታደርጉት ድምፅ ሳያሰማ ይዞራል፣ ይዞራል። ይህ መኪና ኮረኮንች ላይ ሰው ጭኖ ይሄዳል። ያስተካከላችሁት እናንተ ናችሁ። ይህን የሚያህል ነገር በሕይወቴ ብዙ አላገኘሁም።

ያ ነጭ ላንድክሩዘር ዛሬም አለ። ሰውዬው አርጅተዋል፣ የሚነዳው ልጃቸው ነው። በየዓመቱ ከመስቀል በፊት ያመጣልኛል። ዘይት እቀይርለታለሁ፣ ቱቦዎቹን እዳስሳለሁ፣ ክዳኑን አንሥቼ ጎማውን በአውራ ጣቴ እፈትሻለሁ። ዘንድሮም መጥቶ ሄደ። በማግስቱ ከሰዓት ስልኬ ጠራ። ነፋስ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ደጀን ወጣሁ» አለኝ። «የሙቀት መርፌው መሃል ላይ ነው።»