ጥያቄና መልስ፦ በተኛ ሲዲ4 ሕዋስ (ኤችአይቪ በሚይዘው የበሽታ መከላከያ ሕዋስ) ውስጥ የኤችአይቪ ጂን ለምን ዝም ይላል?

ሐይቅ ዳር፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ቫይረሱ ዝም የሚለው ጂን የሚያነቃው ፕሮቲን፣ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ፣ ስለሌለ ነው አይደል?

ጋሼ፦ ደህና ዋልሽ እህቴ። እሱ ግማሹ ነው። በተኛ ሕዋስ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢን አይ-ካፓ-ቢ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይዞ ከኑክሌየስ ውጭ ያስቀረዋል። ዋናው ማነቆ ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ ሁሌም የሚዘለለውም እሱ ነው። አርኤንኤ የሚቀዳው ኢንዛይም፣ ፖሊሜሬዝ 2፣ የቫይረሱ ጂን ማስጀመሪያ በሆነው ኤልቲአር ላይ ቅጂ ቢጀምርም 60 ኑክሊዮታይድ (የአርኤንኤ ፊደል) ገደማ ሲደርስ ኔልፍና ዲሲፍ የሚባሉ ፕሮቲኖች ያስቆሙታል። የወጣችው አጭር አርኤንኤ ታር የሚባለውን ተጣጣፊ ክፍል ይዛለች። የቫይረሱ ፕሮቲን ታት እሷ ላይ ተጣብቆ ፒ-ቴፍ-ቢን፣ ማለትም ሳይክሊን ቲ1ንና ሲዲኬ9ን፣ ይጎትታል፤ ሲዲኬ9 በኔልፍና በዲሲፍ ላይ ፎስፌት ሲለጥፍ ፖሊሜሬዙ ይለቀቃል። በተኛ ሕዋስ ሳይክሊን ቲ1 እጅግ ጥቂት ነው። ታት ከሌለ ሙሉ ቅጂ የለም፤ ሙሉ ቅጂ ከሌለ ታት ከየት ይመጣል?

ቦሩ ሜዳ፦ ታርን ለካሁ፣ ምንም የለም። ቅጂው አልተጀመረም ማለት ነው?

ጋሼ፦ በምን አወጣኸው? ግልበጣውን በሚያስጀምር በምን ፕራይመር? እንዲህ ተድበስብሶ አይጠየቅም።

ቦሩ ሜዳ፦ በተራው ሲሊካ ኮለም፣ በኦሊጎ-ዲቲ።

ጋሼ፦ አጭሯን አርኤንኤ ሁለት ጊዜ ጥለሃታል። ኮለሙ ከ200 ኑክሊዮታይድ በታች ያለውን አሳልፎ ያፈሳል፤ ኦሊጎ-ዲቲ ደግሞ የፖሊ-ኤ ጅራት ይፈልጋል፣ አጭሯ ጅራት የላትም። በትራይዞል አውጣ፣ ዲኤንኤን በሚቆርጠው ዲኤንኤዝ አጽዳ፣ በፖሊ-ኤ ፖሊሜሬዝ ጅራት ቀጥልላት። ታር ተጣጥፋ ስለምትቆልፍ 65 ዲግሪ ላይ 5 ደቂቃ አሙቀህ ወዲያው በረዶ ላይ አድርግ፤ ከዚያ በገልባጭ ኢንዛይም ወደ ዲኤንኤ ገልብጥ። ያለ ገልባጭ ኢንዛይም የተሠራ መቆጣጠሪያ ሳትይዝ ግን ቁጥር አታምጣልኝ፤ የፕሮቫይረሱ፣ ማለትም በሕዋሱ ዲኤንኤ ውስጥ የተሰካው ቫይረስ፣ ዲኤንኤ እንደ አርኤንኤ ይቆጠርልሃል።

ወልድያ፦ እኛ አገር የበዛው ንዑስ ዝርያ ሲ አብዛኛውን ጊዜ ኤልቲአሩ ላይ ሦስት የኤንኤፍ-ካፓ-ቢ መቀመጫ አለው፣ ቢ ግን ሁለት። ስለዚህ የእኛው ቶሎ ይነቃል።

ፒያሳ፦ ኧረ ወንድሜ! የሚቀመጥባቸው ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ከሌለ ሦስት መቀመጫ ምን ይሠራል?

ወልድያ፦ ሕዋስን በሚያነቃው ፕሮቲን፣ በቲኤንኤፍ፣ ሲነካ ማለቴ ነው እንጂ!

ፒያሳ፦ በምን ታየ? በጄ-ላት፣ የተኛው ቫይረስ ሲነቃ አረንጓዴ በሚያበራው የላብራቶሪ ሕዋስ፣ እንዳትለኝ።

ጋሼ፦ አብሽሩ። ጄ-ላት የቢ ቫይረስ ነው፣ ስለ ሲ አይመሰክርም። የሁለቱንም ኤልቲአር አንድ ዓይነት ሪፖርተር (ሲነቃ የሚታይ ጠቋሚ ጂን) ላይ ሰክታችሁ ጎን ለጎን ለኩ።

ኮምቦልቻ፦ ጄ-ላት 10.6ን በቲኤንኤፍ-አልፋ፣ 10 ናኖግራም በሚሊ ሊትር፣ ለ24 ሰዓት ቀሰቀስኩ። ያልተነካውም አረንጓዴ አለው።

ጋሼ፦ ጥቂቱ ሳይቀሰቀስም በራሱ የሚያበራ ነው። የሞተ ሕዋስም ያበራል፤ የሞት መለያ ቀለም ጨምር፣ ማሟሟያው ብቻ የገባበት ጉድጓድም ይኑርህ።

ሐይቅ ዳር፦ ሌላው የቫይረሱ ፕሮቲን፣ ሬቭስ?

ጋሼ፦ ያልተቆራረጠውን ቅጂ ከኑክሌየስ ያወጣል። ሌላ ቀን።

ተሁለደሬ፦ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ውስጥም ይነቃል?

ጋሼ፦ መድኃኒቱ አዲስ ሕዋስ እንዳይያዝ ያግዳል እንጂ ከገባው ፕሮቫይረስ ቅጂ መውጣትን አያቆምም። ሲቋረጥ የሚመለሰውም ለዚህ ነው፤ አታቋርጡ። የቀረውን ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ቦሩ ሜዳ፦ ጋሼ፣ የቫይረሱ ጂን የጋግ ቁጥሬስ? በጣም ትልቅ ነው።

ጋሼ፦ ያለ ኢንዛይሙ ስንት አመጣ?

ቦሩ ሜዳ፦ እሱን አልሠራሁትም።

ጋሼ፦ እንግዲያው ገና አልለካህም።