በፀሐይ ግርዶሽ ቀን መጾም አለብን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምንኖረው ጋና ነው። ጥር 29 ቀን 2019 ዓ.ም. እዚህ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና ትታያለች እየተባለ ነው። አንዳንዶች «ጌታ ፀሐይ ትጨልማለች ያለው ይኼ ነው፤ ጾም መያዝ አለብን» ይላሉ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ በዚያ ቀን ከቤት እንዳትወጣም እየነገሯት ነው። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ወንድሜ፣ ግርዶሹ እውነት ነው። ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2027። ቀለበቱ በቺሊ፣ በአርጀንቲናና በኡራጓይ ታይቶ አትላንቲክን ያቋርጥና ከኮትዲቯር እስከ ናይጄሪያ ይደርሳል። ረጅም የሚቆየው ውቅያኖሱ ላይ ነው፤ 7 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ። እናንተ ጋ ሲደርስ ወደ አመሻሹ ገደማ ይሆናል።

እንግዲህ ልብ በል። ሳይንቲስቶቹ ይህን ሁሉ በሰከንድ ሳይቀር ቀድመው ያውቁታል። ጌታ ግን ስለ መምጫው ሲናገር «ያችን ቀንና ያችን ሰዓት የሚያውቅ የለም» ነው ያለው፤ ያውም ፀሐይ ትጨልማለች ባለበት በዚያው በማቴዎስ ምዕራፍ 24። ቀኑ ተቆርጦ የታወቀን ነገር የዚያ ምልክት ነው ማለት አያስኬድም።

ደግሞም ፀሐይዋ አትጨልምም። በዚያ ሰሞን ጨረቃ ከምድር ራቅ ስለምትል አነስ ብላ ትታያለች። ከዳር እስከ ዳር ወርዷ የፀሐይን ወርድ 93 በመቶ ያህል ቢሆን ነው፤ ዙሪያው ቀለበት ሆኖ ይቀራል። ብርሃኑ ደብዘዝ ይላል እንጂ ሌሊት አይሆንም።

«በስቅለት ዕለትስ?» የሚል አይጠፋም። የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ስትገባ፣ ማለትም በወር መባቻዋ ብቻ ነው። ጌታ የተሰቀለው ግን በአይሁድ ፋሲካ፣ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን ነው። ጨለማውም ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ። ግርዶሽ እንዲህ ሊሆን አይችልም፤ ተአምር ያልነውም ለዚህ ነው። ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ሰው ሳያውቀው ተአምሩን ያሳንሰዋል።

የጨረቃን ሂደት መቁጠር ለእኛ ቤት አዲስ አይደለም። ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን የቤተ ክርስቲያን ስሌት፣ የተማረ ሰው አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉትን ቁጥሮች ሲያወጣ የሚውለው ከእሷው ጋር ነው። ስለዚህ የሳይንቲስቶቹ ስሌት ለምን እንደሚያስደነግጠን አይገባኝም።

ስለ ጾሙ፣ ቤተ ክርስቲያን ለግርዶሽ ያወጀችው ጾም የለም። መጾም ከፈለጋችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ በፍርሃት ግን አይሁን። ኤርምያስ ምዕራፍ 10 ላይ «ከሰማይ ምልክት አትፍሩ» ተብለናል። ዕለቱ ወርኃዊው በዓለ ወልድ ነው፤ ማስቀደስ የሚቻልበት ቦታ ካለ አስቀድሱ። ካልሆነም ዳዊት 18ን ድገሙ፤ «ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉ» የሚለውን።

እኅታችን ደግሞ እንደ ልቧ ትውጣ። ግርዶሽ ፅንስ ይጎዳል የሚለው ወሬ ከመጽሐፍም ከሕክምናም አልተገኘም። መጠንቀቅ ያለባችሁ ለዓይናችሁ ነው። ቀለበቱ በሚታይበት ጊዜም ቢሆን ፀሐይዋን በባዶ ዓይን ማየት ይጎዳል። ተራ ጥቁር መነጽርም አያድንም። ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራውን፣ አይኤስኦ 12312-2 የሚል የተጻፈበትን መነጽር ከታመነ ቦታ ፈልጉ። ልጆች ካሉ አጠገባቸው ሁኑ፤ መነጽሩን አውልቀው ቀና ማለታቸው አይቀርም።