«የድሮውን መልሱልኝ!» የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ተመካክረው የመጡ ይመስላሉ። አብዛኞቹ ስለ አሮጌ ፕሮግራሞች ናቸው። እኔም የዚሁ በሽታ ታማሚ ስለሆንኩ በደስታ እመልሳለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ዊንዶውስ 7 የነበረውን ኮምፒውተሬን ወደ ዊንዶውስ 10 ካሳደግኩት ወዲህ ፎቶ የሚከፍትልኝ ፕሮግራም ተቀየረ። የድሮው ፈጣን ነበር። ልጄ ግን ‹አባዬ፣ አዲስ ነገር ስለምትፈራ ነው› ትለኛለች። እውነቷን ነው?»

አይደለም። የድሮው ፎቶ ቪወር አንድ ሥራ ብቻ ነበረው። ፎቶውን ዳብል ክሊክ ሲያደርጉት ብቅ ይላል። የቀስት ቁልፍ ሲጫኑ ቀጣዩ ይመጣል። በቃ። ፎቶስ የሚባለው ተተኪው ግን ሙሉ መጋዘን ነው። አልበም ያደራጃል፣ ፎቶ ያርማል፣ ከኢንተርኔት ማስቀመጫ ጋር ይገናኛል። እርስዎ አንድ ፎቶ ሲጠይቁት እሱ መጋዘኑን ሊከፍት ይነሳል። ደከም ያለ ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ ባዶ መስኮት ይመጣል፣ ከዚያ ክቧ ትሽከረከራለች፣ ፎቶው ኋላ ይደርሳል። ይህን እያዩ የድሮውን መናፈቅ ፍርሃት አይባልም።

ደስ የሚለው የድሮው አልጠፋም። ከዊንዶውስ 7 ስላሳደጉት ሴቲንግስ ውስጥ «ዲፎልት አፕስ» የሚለው ጋ ገብተው ፎቶ መክፈቻውን መቀየር ይችላሉ። እንደ አዲስ በተጫነ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ፕሮግራሙ ቢኖርም ቲፍ ለተባሉ የምስል ፋይሎች ብቻ ነው የተመደበው። ለሌሎቹ ሬጅስትሪ የሚባለውን የዊንዶውስ የውስጥ መዝገብ መነካካት ይጠይቃል፤ ለማያውቀው ሰው አልመክርም።

አንድ አመሉን ግን ልንገርዎት። አንዳንዴ «ሜሞሪ አይበቃም» ብሎ ፎቶ አልከፍትም ይላል። ሜሞሪ ሊገዙ እንዳይሮጡ! ብዙ ጊዜ ችግሩ ፎቶው ውስጥ ያለው የቀለም መረጃ ነው። ፔይንት በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ከፍተው እንደገና ሴቭ ቢያደርጉት አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል።

«ፔይንት ይቀራል ሲባል ሰምቼ ነበር። አሁንም እየተጠቀምኩበት ነው። ይቀራል ወይስ አይቀርም?»

ተረጋጊ፣ አለ። ፔይንት ከመጀመሪያው ዊንዶውስ ጋር በ1985 የመጣ ነው። በ2017 ማይክሮሶፍት ማሻሻል ከሚያቆምላቸው ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባው ሰው ሁሉ ጮኸ። ይተካዋል የተባለው ፔይንት 3ዲ ነበር። መጨረሻው ምን ሆነ መሰለሽ? በ2024 ከማይክሮሶፍት ስቶር የተነሳው ፔይንት 3ዲ ራሱ ነው። ሽማግሌው ፔይንት ደግሞ በ2023 ሌየር (ሥዕልን በንብርብር መሥሪያ) ሁሉ ተጨመረለት። ስክሪንሹት ፔስት አድርጎ ጠርዙን ቆርጦ ሴቭ ለማድረግ ለሚፈልግ ሰው ሦስተኛው ዳይሜንሽን ምን ይሠራለታል?

«አዲሱ ኮምፒውተሬ ላይ ዎርድፓድ የለም። ከየት ላውርደው?»

ከየትም አታውርደው። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ የነበረ የጽሑፍ መጻፊያ ቢሆንም ማይክሮሶፍት በ2023 መቋረጡን አስታውቆ በ2024ቱ የዊንዶውስ 11 እትም አውጥቶታል። «ዎርድፓድ እዚህ አለ» የሚል የማታውቀው ገጽ ምን ጠቅልሎ እንደሚሰጥህ አታውቅም። በዎርድፓድ የጻፍካቸውን አርቲኤፍ የተባሉ ፋይሎች ሊብሬኦፊስ ራይተር የሚባል ሌላ የጽሑፍ ፕሮግራም በነፃ ይከፍትልሃል። ይከብዳል ካልክ አልከራከርህም።

«ኖትፓድ ስከፍት ትናንት የጻፍኩት ሁሉ ተደርድሮ ይመጣል። ስብሰባ ላይ ስክሪኔን ለሰው እያሳየሁ የግል ማስታወሻዬ ወጣ!»

አይዞዎት፣ እኔም ደርሶብኛል። የእኔ የዕዳ ስሌት ነበር። የድሮው ኖትፓድ ሁሌም ባዶ ወረቀት ነበር፤ ሴቭ ያላደረጉትን «ላስቀምጠው?» ብሎ ይጠይቃል፣ እምቢ ካሉት ይረሳዋል። ያ መርሳቱ ነው የሚወደደው። አዲሱ ሁሉን ያስታውሳል። የኖትፓድ ሴቲንግስ ውስጥ «ኖትፓድ ሲነሳ» በሚለው ስር አዲስ እንዲጀምር ማዘዝ ይቻላል። ከመቀየርዎ በፊት የሚፈልጉትን ሴቭ ያድርጉ።

እውነት ለመናገር ግን የድሮውን ከልክ በላይ አላወድስም። ወደኋላ የሚመልሰው የመጨረሻዋን ስህተት ብቻ ነበር። ከ2019 በፊት የነበረው ደግሞ በአማርኛ የተጻፈን ነገር በዝምታ አያስቀምጥም። ሴቭ ሲያደርጉ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ሳያነቡ «እሺ» ካሉት በማግስቱ ከፍተው የሚያገኙት የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ነው። ስንቱ ጽሑፌ እንዲህ ቀርቷል!

«ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን መቀጠል እችላለሁ?»

አይቻልም። ድጋፉ ጁን 15 ቀን 2022 አብቅቷል። ፔይንት ቢያረጅ ከማንም ጋር አይነካካም፤ ብራውዘር ግን ቀኑን ሙሉ ከማያውቃቸው ገጾች ጋር ነው የሚውለው። እዚህ ላይ ናፍቆት አይሠራም።

«ኮንትሮል ፓናልን ስጠቀም የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ሴቲንግስን መልመድ አለብኝ?»

ይልመዱት፣ ኮንትሮል ፓናል ውስጥ የነበረው ብዙው የኮምፒውተር ማስተካከያ ወደዚያ እየተዛወረ ነው። ለሳቁት ግን ይህን ያሳዩአቸው፦ ሴቲንግስ ውስጥ የማውዝ ገጽ ላይ «ተጨማሪ የማውዝ አማራጮች» የምትለዋን ይጫኑ። የሚከፈተው ትንሽ ግራጫ መስኮት የድሮው ኮንትሮል ፓናል ነው።