መርዶ ነጋሪ የሌለበት ከተማ

ለዶክትሬት ወደ አሜሪካ ልትመጡ የተነሣችሁ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ስታይፔንዱ (ለተማሪው ስለሚከፈለው አበል) እና ስለ አድቫይዘሩ (ምርምሩን ስለሚመራው ፕሮፌሰር) ነው። ሁለቱንም እመልሳለሁ። የምትሄዱት ወደ ትንሽ ከተማ ከሆነ ግን አስቀድሜ እኔው ልጠይቃችሁ፦ ክፉ ወሬ ቢመጣ በራችሁን የሚያንኳኳ ሰው አላችሁ?

የኒውሮሳይንስ (የአንጎልና የነርቭ ጥናት) ዶክትሬቴን የሠራሁት በኒው ሃምፕሸር ክፍለ ግዛት፣ ሃኖቨር በምትባል ከተማ ነው። በ1769 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዳርትማውዝ ኮሌጅ ያለው እዚያ ነው። ነዋሪዋ 12 ሺህ ያህል ነው። ቁልቁል ሲወርዱ የኮኔቲከት ወንዝ፣ ወንዙን ሲሻገሩ ቨርሞንት ነው። የአካባቢው አውቶቡስ በነፃ ነው፤ ክፍለ ግዛቱ ከደመወዝም ከሸመታም ግብር አይወስድም። ለተማሪ ኪስ ትልቅ እፎይታ ነው። ሐበሻ በብዛት ያለው ግን ቦስተን ነው፤ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ያህል ይርቃል።

ሥራችን ሰዓት የማይሰጥ ሥራ ነው። ከአይጥ አንጎል 300 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ትቆርጣላችሁ። ቁራጩ ኦክስጅን በሚነፋበት ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ በሕይወት ይቆያል። ከዚያ ጫፏ አንድ ማይክሮሜትር ያህል በሆነች የመስታወት ቱቦ አንዲቷን ሴል ይዛችሁ የኤሌክትሪክ ምልክቷን ትሰማላችሁ። ይህን ዘዴ ያስገኙት ኤርዊን ኔየርና በርት ሳክማን በ1991 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመውበታል። ሴሏ ከሞተች የቀኑ ልፋት አብሯት ይሄዳል። ስለዚህ ስልክ ሲጠራ አይነሣም፤ ምሳ ይዘለላል፤ እሑድ እንደ ማክሰኞ ይሆናል። ከውጭ ለሚያያችሁ ትጋት ነው። እኔም ትጋት መስሎኝ ነበር። ቤት ብገባ የሚያነጋግረኝ ሰው ስለሌለ እንደማመሽ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ክረምቱ ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። አይጥ የሌሊት እንስሳ ስለሆነ እኛ በምንሠራበት ሰዓት እንዲነቃ የክፍሉ መብራት ይገለበጣል፤ ሌሊት ይበራል፣ ቀን ይጠፋል። እኛም አይጥ እምብዛም በማይታየው ቀይ አምፖል እንሠራለን። በዲሴምበር ሃኖቨር ላይ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ ገደማ ትጠልቃለች። በጨለማ ገብቼ፣ በጨለማ ውዬ፣ በጨለማ ስወጣ ሳምንታት አለፉ። የሰውነታችንን ሰዓት የሚመራው የአንጎል ክፍል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የነርቭ ሴሎች ብቻ ያሉት ትንሽ ነገር ነው፤ በየቀኑ የሚያስተካክለው ዐይን የሚያየው ብርሃን ነው። ይህን ለተማሪዎች እያስተማርኩ ራሴ ብርሃን አላይም ነበር። ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ በረዶም ቢሆን፣ ውጭ ተራመዱ። ልመናዬ ነው።

አያቴ ናት ያሳደገችኝ። በሁለተኛው ዓመቴ ኅዳር ላይ ስደውል «ተኝታለች» አሉኝ። በሳምንቱ «ጠበል ሄዳለች»። ከዚያ «ጆሮዋ ደከመ፣ ስልክ አይሰማትም»። ጥርጣሬ ገብቶኝ ነበር፤ ሙከራው አላልቅ ብሎኝ አጥብቄ አልጠየቅሁም። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያመኛል። የካቲት ላይ አንድ ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። የአክስቴ ልጅ ናት፤ ከዋሽንግተን መጥታ ቦስተን አድራ፣ ከማላውቃቸው ሁለት እናቶች ጋር ሌሊት 9 ሰዓት ተነሥተው በበረዶ እየነዱ ነው የደረሱት። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደለበሱ ሳይ ገባኝ። የአያቴ አርባዋም ሰማንያዋም ወጥቷል።

እናቴን ለምን ደበቅሽኝ አልኳት። «ብቻሽን ሰምተሽ ማን ያቅፍሻል ብዬ ነው» አለችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ቤተሰቡ አጠገቤ ሊደርስ የሚችል ሰው ሲያፈላልግ ነበር። ከእናቶቹ አንዷ ንፍሮ ቀቅላ ይዛ መጥታለች፤ ሦስት ቀንም አብራኝ ቆየች። ሰኞ ለአድቫይዘሬ ስነግረው ሁለት ሳምንት ወደ ላቦራቶሪው ድርሽ እንዳልል አዘዘኝ። የእሱ ነገር ከተነሣ፣ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሦስት ላቦራቶሪ ስትሞክሩ የፕሮፌሰሩን ዝና ብቻ አትዩ። ነባር ተማሪዎቹን ለብቻቸው ምሳ ጋብዟቸው፤ ሰው ሲሞትባቸው፣ ሲታመሙ ምን እንዳደረገላቸው ጠይቋቸው። የምርምር ገንዘቡ ስንት ዓመት እንደሚቀረውም ጠይቁ። በኤፍ-1 (በተማሪ) ቪዛ ያለ ሰው የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ለዶክትሬት ተማሪዎች በሚሰጠው ዋና ፌሎሺፕ (የትምህርት ድጋፍ ገንዘብ) መወዳደር አይችልም፤ እንጀራችሁ ብዙውን ጊዜ በአድቫይዘሩ እጅ ናት።

ግብርን በተመለከተ፣ ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት የላቸውም። የቻይናና የህንድ ጓደኞቻችሁ የሚሞሉትን ፎርም አይታችሁ አትቅዱ። ቪዛው ከዚህ ይከብዳል። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን በአብዛኛው የሚሰጠው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚያገለግል፣ የሦስት ወር ቪዛ ሆኗል። ትምህርታችሁን እየተከታተላችሁ እዚህ መቆየት ትችላላችሁ፤ ለቅሶ ልድረስ ብሎ የወጣ ግን ለመመለስ እንደገና ኤምባሲ መቅረብ አለበት። ደንቡ ስለሚቀያየር ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲያችሁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቁ። ብዙዎቻችሁ የምትወዱትን ሰው ሳትቀብሩ ትቀራላችሁ። ይህን አስቀድማችሁ እወቁት፤ ለቅሶውን እዚሁ የምትቀመጡበት ቤት ያስፈልጋችኋል።

እንጀራም አይቅርባችሁ። አይዳሆ የሚበቅል ጤፍ በፖስታ ይመጣል። ቤቱ ቀዝቅዞ ሊጡ አልቦካ ካለ፣ የመጋገሪያ ምድጃውን (ኦቨኑን) ሳትለኩሱ የውስጥ መብራቱን ብቻ አብርታችሁ ሊጡን እዚያ አሳድሩት። አንድ ቅዳሜ ጋግራችሁ የላቦራቶሪ ጓደኞቻችሁን ጥሩ። ቡናም አፍሉ። የእኔ ጎረቤት የሆነች አሜሪካዊት ያን ቅዳሜ ለቅሶ ሰምታ ደንግጣ የመጣችው ከዚያ በፊት ቡናዬን ስለቀመሰች ነው፤ አብራን መሬት ላይ ተቀመጠች።

በደረሳችሁ በመጀመሪያው ወር፣ ትምህርቱ ሳይጠና፣ አውቶቡስ ተሳፍራችሁ አቅራቢያችሁ ወዳለው ትልቅ ከተማ ሂዱ። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ከሆነ መስጊድ፣ ዕድር ካለም ዕድሩን ፈልጉ። ከቅዳሴ በኋላ ቶሎ አትውጡ። ከእናቶቹ አንዷን ቅረቡና «እገሌ እባላለሁ፣ ያለሁት እዚህ ቦታ ነው፣ ዘመድ የለኝም» በሏት። አድራሻችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ስጧት። የእሷንም ስልክ ተቀበሉና በዚያው ቀን ለእናታችሁ ላኩላት።