ስለ እግር ጡንቻና እርምጃ፦ ጥያቄና መልስ

ቁልቁለት፦ ከፒያሳ በቸርችል ወደ ለገሃር ስወርድ ቅልጥሜ ፊት ለፊቱን ይቃጠላል፤ ሽቅብ ስመለስ ባቴ። ለምን?

መላሽ፦ ጎሽ፣ እንዲህ ነው መጠየቅ! ተረከዝ መሬት ሲነካ የእግር ፊት ጧ ብሎ እንዳይወድቅ የሚይዘው የቅልጥም ፊት ጡንቻ፣ ቲቢያሊስ አንቴሪየር ነው። የሚሠራው እየተለጠጠ ነው፣ እንደ ፍሬን። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ብዙ ይያዛል። እግር ሙሉ በሙሉ ሲያርፍ ተራው የባት ነው፦ ሶሊየስ የሚባለው የባት ጡንቻ ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይደፋ ይይዛል፤ ባት እያጠረ የሚገፋው ተረከዝ ሲነሳ ነው። ዳገት ላይ ያው ግፊት ሰውነትንም ሽቅብ ያነሳል።

አዲስ ገቢ፦ እግሬን ያመኛል፣ ምን ይሻላል?

መላሽ፦ የትኛው እግር? የቱ ጋ? መቼ? ይህን ሳትጽፉ አትጠይቁ።

አራት ኪሎ፦ የውስጥ እግርን ጎድጓዳ የሚይዘው ማነው?

መላሽ፦ ብዙ ናቸው፤ ዋናው ግን የቅልጥም ኋላ ጡንቻ፣ ቲቢያሊስ ፖስቴሪየር ነው። ጅማቱ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ዞሮ ጎድጓዳው ሥር ይጣበቃል። የቅልጥም ውጭ ጡንቻ፣ ፔሮኒየስ ሎንገስ፣ ደግሞ ጅማቱ ከውጭ ቁርጭምጭሚት ኋላ መጥቶ ውስጥ እግርን አቋርጦ እስከ አውራ ጣት አጥንት ሥር ይደርሳል። ሁለቱ እግርን ከግራና ከቀኝ እንደ እርካብ ይይዙታል። ተረከዝ ተነስቶ አውራ ጣት ሲታጠፍ የውስጥ እግር ጅማት ይወጠርና ጎድጓዳው ከፍ ብሎ ይጠነክራል። ቆማችሁ ሰው አውራ ጣታችሁን ሽቅብ ያንሳላችሁ፣ ታዩታላችሁ።

ቲቢያሊስ ፖስቴሪየርን ለመፈተሽ ግድግዳ ይዛችሁ በአንድ እግር ተረከዝ አንሱ። ከኋላ ሲታይ ተረከዙ ወደ ውስጥ መዞር አለበት። ካልዞረ ወይም ጭራሽ ካልተነሳ ፊዚዮቴራፒስት ይየው።

ሯጭ፦ ጫማ ነው ያደከመን። አበበ ቢቂላ በ1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ!

ቁልቁለት፦ በ1957 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ አሸነፈ። አሁንስ?

ሯጭ፦ ጥንካሬው ከየት መጣ ታዲያ?

መላሽ፦ ሌላ ቦታ ተከራከሩ። እዚህ እርምጃ እንጂ ሩጫ አልተጠየቀም።

አዲስ ገቢ፦ የትኛው ጫማ ይሻላል?

መላሽ፦ ጣት የማያጨናንቅ። ቀጥሉ።

ሰፈርተኛ፦ ቀኝ እግሬ ከሦስት ቀን ወዲህ ስራመድ ጧ ጧ ይላል፤ ጣቴም ምንጣፍ ይይዛል። ወጌሻ ጋ ልሂድ?

መላሽ፦ አይሆንም! ይህ የነርቭ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ወይም ወገብ ላይ ነርቩን የሆነ ነገር ተጭኖት ይሆናል። መታሸት የተጫነውን አያነሳም። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ።

አዲስ ገቢ፦ የኔ ህመም ግን ተረከዝ ላይ ነው፣ ጠዋት።

መላሽ፦ የትኛው እግር?