መልስ፦ ከወላጆቹ የተነጠለውን ልጅ በተመለከተ

ጎረቤትዎ በጦርነቱ ከቤተሰቡ የተነጠለውን የስድስት ዓመት ልጅ በጉዲፈቻ ብትወስደው ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ አስተያየት መቸኮል አይገባትም፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ስለሚደነግግ፣ የወላጆቹ ዕጣ ሳይጣራ ያንን በር መዝጋት ልጁን ዳግመኛ መነጠል ይሆናል። አስቀድማ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ለሚከታተለው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ታሳውቅ፤ ለቀይ መስቀልም የፍለጋ ጥያቄ ታቅርብ፤ ክፍያ የለውም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የአባቱን ሙሉ ስም ላያውቅ ቢችልም፣ እናቱን ምን ብሎ እንደሚጠራት ወይም በሰፈራቸው ገበያው በየትኛው ቀን እንደሚውል ሊያስታውስ ይችላልና፣ ሳታስጨንቀው በራሱ አነጋገር ትጻፈው። የመጣበትም ልብስ ቤተሰቡን ለመለየት ሊረዳ ይችላልና አትጣለው። ፎቶውን በፌስቡክ መለጠፍን ግን (በቅን ልቦና የሚደረግ ቢሆንም) አልደግፍም፤ ወላጅ ነኝ ባይ ሁሉ ሊመጣ ይችላል።